ምዕራፍ 5፦ ቦምቤይ የተቀረጸው ጠገራ ብር

አያቴ ጎብዬ ላይ በኖረችበት ቤት፣ ከማሽላው ጎታ ኋላ፣ በጨርቅ የተቋጠሩ አራት ጠገራ ብሮች ነበሯት። የምታወጣቸው ብቻዋን ስትሆን ነው፤ እኛ ልጆች ድንገት ከደረስንባት ግን አትደብቀንም። አንዱን አንስታ ድንጋይ ላይ ጣል ታደርገውና «ስሙት፤ ጤነኛ ብር እንዲህ ነው የሚጮኸው» ትለናለች። በአንዱ ገጽ ደረተ ሙሉ ሴት ፀጉሯን በሻሽ ሸብ አድርጋ ትታያለች። በሌላው ገጽ ሁለት ራስ ያለው ንስር ክንፉን ዘርግቷል። ዙሪያውን ከዞረው ጽሑፍ ጋር 1780 የሚል ቁጥር አለ።

እኔም ለብዙ ዘመን ያ ቁጥር ብሮቹ የተሠሩበት ዓመት ይመስለኝ ነበር። አይደለም። (በዚህ ምዕራፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) 1780 የኦስትሪያዋ ገዥ ማርያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው። ገንዘቧ ግን ከእሷ ሞት በኋላም ዘመኑ ሳይለወጥ መቀረጹን ቀጠለ። በቀይ ባሕር ዳርና በእኛ ደጋ ያለው ነጋዴ የለመደውን መልክ ካላየ አይቀበልም ነበርና። በትከሻዋ ያለው ጌጥ፣ በራሷ ላይ ያለው እንቁ ጎልቶ ካልታየ ብሩ ይመለሳል። አያቴም ከመቁጠሯ በፊት በአውራ ጣቷ የምትዳብሰው ያንኑ ቦታ ነበር።

በ1935 ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ሲሰናዳ የብሩን መቅረጫ ከኦስትሪያ አስፈቅዶ ወሰደ፤ ሮምም ጠገራ ማውጣት ጀመረች። እንግሊዞች ይህን ሲያዩ ዝም አላሉም። የእነሱም የቀይ ባሕር ንግድ በዚሁ ብር ይንቀሳቀስ ነበርና በ1936 ለንደን ላይ መቅረጽ ጀመሩ። ጦርነቱ ሲሰፋ ደግሞ በ1940 እና በ1941 ሥራው ቦምቤይ ወደሚገኘው የህንድ ገንዘብ መቅረጫ ተዛወረ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ 19 ሚሊዮን የሚጠጋ ጠገራ ብር ከዚያ ወጣ። ሁሉም 28 ግራም፣ ሁሉም 1780 የሚሉ። ከአያቴ አራት ብሮች አንዷ የቦምቤይ መሆኗን የነገረኝ ገንዘብ የሚሰበስብ ወዳጄ ነው፤ በንስሩ ላባና በሴትዮዋ ጌጥ ላይ ያሉትን ጥቃቅን ልዩነቶች በአጉሊ መነጽር አሳይቶኝ።

ጎብዬ ከወልድያ ወደ ቆቦ ሲኬድ፣ አላ ውኃን ከተሻገሩ በኋላ፣ በዋናው መንገድ ዳርና ዳር የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። ራያን እንግሊዝ አልገዛችውም። የእንግሊዝ ነጋዴም ጎብዬ ላይ ሱቅ ከፍቶ አያውቅም። ይሁንና እንግሊዝ ከህንድና ከቻይና ጋር ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ያካሄደችው ንግድ ሳያንኳኳ ራያ ቤት ገብቷል። በሠርግ ጌጥ፣ በሬሳ መገነዣ፣ በጠዋት ብርጭቆ ውስጥ ተቀምጧል። እኛም የራሳችን ካደረግነው ሰንብተናል። ከየት እንደመጣ ማወቅ የራሳችን መሆኑን አይቀንስበትም፤ እንዲያውም እነዚያ ዕቃዎች ስንት አገርና ስንት ሰው አልፈው እንደደረሱን ስንረዳ ለራያ እናቶች እጅ ያለን አክብሮት ይጨምራል ብዬ አምናለሁ።

ጠገራው በራያ ቤት ከገንዘብነት በላይ ነበር። አንጥረኛ ቤት ይወሰድና ይቀልጣል፤ ድሪ ይሆናል፣ አልቦ ይሆናል፣ የአንገት መስቀል ይሆናል። አንዲት ሙሽራ የምትደምቅበት ብር፣ ባለቤቷ ፍየልና ቅቤ ሸጦ ያመጣው፣ ከዚያ በፊት ደግሞ የህንድ ሠራተኛ ቦምቤይ ላይ የቀረጸው ሊሆን ይችላል። በ1945 መንግሥት አዲሱን የኢትዮጵያ ብር ሲያወጣ ወርቅና ብር የሚያምነው ገበሬ ወረቀቱን ወዲያው አልወደደውም። ለዚህም ነው አምሳ ሳንቲሙ ከብር ማዕድን የተሠራው።

የህንድ ወታደሮችን ግን ራያና ጎረቤቱ በዓይኑ አይቷል፤ ሁለት ጊዜ። መጀመሪያ በ1868 ነው። ጄኔራል ናፒየር አፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ ሲመጣ የተነሳው ከለንደን አልነበረም። ከቦምቤይ ነው። ከ13 ሺህ ያህል ተዋጊዎቹ አብዛኞቹ ህንዶች ነበሩ፤ መንገድ የጠረጉት የፑንጃብ ሰዎች፣ ከባድ መድፍ የተሸከሙት ከህንድ በመርከብ የመጡ 44 ዝሆኖች። ሠራዊቱ ዙላ ላይ ወርዶ፣ በሰንዓፈና በአዲግራት አልፎ፣ ከራያ ቆላ በላይ ባለው ደጋ የአሸንጌን ሐይቅ ዳር ይዞ ወደ ላስታና ወደ ዋድላ ዘለቀ። ለእህልና ለገለባ የሚከፍለው በጠገራ ብር ነበር፤ ለዚሁ ሲባል ብዙ ጠገራ ቪየና ላይ ተቀርጾ መጥቷል። የህንዶቹ ወታደሮች መደበኛ ደመወዝ የተከፈለው ከህንድ ግምጃ ቤት መሆኑን ሳነብ ቆም ብዬ አሰብኩ። መቅደላ ላይ ለተዘረፈው የብራና መጽሐፍ፣ ለተወሰደው ታቦትና ዘውድ፣ የቤንጋልና የማድራስ ገበሬ ሳያውቅ ግብር ገብሮበታል።

ሁለተኛው 1941 ነው። ከረን ላይ ደማቸውን ያፈሰሱት የህንድ ክፍለ ጦሮች ናቸው። ከእነሱ አንዱ፣ አምስተኛው፣ ወደ ደቡብ ወርዶ የጣልያኑን ገዥ የአኦስታውን መስፍን አምባላጌ ላይ ከበበ፤ በግንቦት ወርም መስፍኑ እጁን ሰጠ። አምባላጌ ከማይጨው በላይ ነው፤ ከራያ ሜዳ ሩቅ አይደለም። የአያቴ የቦምቤይ ብር በዚያው ዓመት ከተቀረጹት አንዷ ልትሆን ትችላለች።

እነዚያ ወታደሮች ይለብሱት የነበረው ጨርቅ እኛ ዘንድ ቀርቷል። ካኪ የሚለው ቃል ከኡርዱ የመጣ ሲሆን መሠረቱ ፋርስኛ ነው፤ አፈር የመሰለ ማለት ነው። በ1840ዎቹ በህንድ የነበሩ የእንግሊዝ መኮንኖች ነጩ የደንብ ልብስ በአቧራው አገር አላዋጣ ሲላቸው ጨርቁን እያቀለሙ አፈር አስመሰሉት። የቆቦ ገበሬ ማሽላ ሲያርም የሚታጠቀው ካኪ ቁምጣ፣ በወረዳው ቢሮ ደብዳቤ የሚታሸግበት ካኪ ፖስታ፣ ስማቸውን ያገኙት ከዚያ ነው።

ጨርቁን ካነሳሁ አይቀር እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ከዚህ ንግድ ሁሉ ወደ ቤታችን በጥልቀት የገባው ጨርቅ ነውና።

የነገሩ መነሻ ህንድ ናት። በ1600 መጨረሻ ላይ ለንደን የተመሠረተው የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ መጀመሪያ ቅመም ሊያመጣ ወጥቶ በጨርቅ ከበረ። የህንድ ጥጥ ስስ ነው፣ ይታጠባል፣ ቀለሙ አይለቅም። እንግሊዞች ከመውደዳቸው የተነሳ የሱፍ ሠሪዎቻቸው ጮሁ፤ በ1700 እና በ1721 የወጡ ሕጎች የህንድን ባለቀለም ጨርቅ እስከ መልበስ ከለከሉ። ከዚያ ማንችስተር በማሽን መፍተልና መሸመን ተማረች። ክፍለ ዘመን ሳይሞላ ነገሩ ተገለበጠና የማሽኑ ጨርቅ ወደ ህንድ ጎረፈ፤ የህንድ ሸማኔ ሥራ አጣ። ህንዶች በበኩላቸው በ1854 ቦምቤይ ላይ የራሳቸውን የጥጥ ፋብሪካ አቋቋሙ፤ ከዚያ በኋላ የፋብሪካዎቹ ብዛት ከተማይቱን ለወጣት። የእነዚህን ፋብሪካዎች ፈትል ይዘው ወደ ቀይ ባሕር የመጡት ባንያን የሚባሉት የጉጅራት ነጋዴዎች ናቸው። ምጽዋ ላይ ከአውሮፓውያን ቀድመው ቤት ነበራቸው፤ ሸቀጥ ያበድራሉ፣ ዝሆን ጥርስና ቆዳ ይረከባሉ። ሐረርና አዲስ አበባ ላይ ደግሞ የህንዱ የመሐመድ አሊ ኩባንያ ለብዙ ዓመት ከትልልቆቹ አስመጪዎች አንዱ ነበር፤ በ1937 ጣልያኖች የእንግሊዝ ወዳጅ ነህ ብለው ዘግተው አባረሩት።

አቡጀዲ የሚባለው ወፍራም ጥሬ ጨርቅ መጀመሪያ ብዙውን የመጣው ከአሜሪካ ነው። በ1903 የአሜሪካ መልእክተኛ ሮበርት ስኪነር አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ከአፄ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል የተዋዋለበት አንዱ ምክንያት ይኸው ጨርቅ ነበር። የቦምቤይ ፋብሪካዎች አስመስለው ሠሩት፤ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የጃፓን ጨርቅ በርካሽነቱ ሁሉንም አሸነፈ። ከየትም ይምጣ፣ እኛ አቡጀዲ አልነው። በራያ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ ቀዬ፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ነው የሚኖረው። ሰው ሲሞት አንዱ መግነዝ ይላል፣ ሌላው ከፈን ይላል፤ ከሱቅ ተቀድዶ የሚመጣው ግን ያው አቡጀዲ ነው። በፋብሪካ የተሠራ የሩቅ አገር ጨርቅ እንዲህ ያለ ቦታ ሲያገኝ፣ ሰው ለአፈር የሚሰጥበት የመጨረሻ ልብስ ሲሆን፣ ባዕድ ነው ማለት ይከብደኛል።

ማተቡም አለ። ዛሬ ጥቁር ክር ይበዛል እንጂ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን የክርስቲያን አንገት ላይ የሚታሰረው ሰማያዊ ሐር ነበር፤ ሐሩም ከእስያ በባሕር፣ ከምጽዋም በቅሎ ጀርባ ላይ የሚመጣ። እምነቱ የኛ፣ ክሩ የምሥራቅ።

በሽርጡ ላይ ግን ራያን የሚያህል ጎበዝ አላውቅም። በቆቦ ገበያ ቀን ከዞብል በኩል የሚወርደውን ሰው ማየት ነው፤ አፋሩም ራያውም ባለመስመር ሽርጥ አገልድሞ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ይመጣል። ደቡብ ህንድ ማድራስ ላይ ይሸመን የነበረው ባለአራት ማዕዘን መስመር ጨርቅ በምሥራቅ ህንድ ኩባንያ በኩል እስከ ምዕራብ አፍሪካ ድረስ ተሸጧል፤ በህንድ ውቅያኖስ ዳር ያለው ሕዝብም፣ ከጃቫ እስከ የመንና ሶማሌ፣ ያንኑ ዓይነት ግልድም ይታጠቃል። ዛሬ በቀይ ባሕር ገበያ ብዙው የኢንዶኔዥያ ሥራ ነው። የራያ ጎልማሳ ሽርጡን ሲመርጥ ግን የሚያየው አገሩን አይደለም። ጨርቁን በሁለት እጁ ወጥሮ ፀሐይ ላይ ይይዘዋል፤ መስመሩ ከተጣመመ ወይም ጠርዙ ከሳሳ ለነጋዴው ይመልስለታል። አያቴ ጠገራውን እንደምትዳብሰው ማለት ነው።

አሁን ወደ ብርጭቆው ልምጣ። ጎብዬ ላይ መኪና ሲቆም መጀመሪያ የሚሰማው «ሻይ!» የሚል ድምፅ ነው። ጥቁር ሻይ፣ ቅርንፉድና ቀረፋ የተጨመረበት፣ ስኳሩ ከታች ተቀምጦ ማንኪያ የሚያስቆም። ሻይ ሻጯን «እቴ፣ ስኳሩን ቀንሺው» ብላት «ምነው፣ ታመሃል እንዴ?» አለችኝ።

የዚያ ብርጭቆ ታሪክ በአንድ ዓመት ላይ ይቋጠራል፤ በ1839። እንግሊዝ ሻይ ወዳ ከቻይና በብር ትገዛ ነበር፤ ቻይና ከእንግሊዝ የምትፈልገው ዕቃ እምብዛም ስላልነበረ ብሩ ፈሰሰ። የምሥራቅ ህንድ ኩባንያው መላ አገኘ። ቤንጋል ላይ ኦፒየም አስዘርቶ በነጋዴዎች እጅ ለቻይና ያስሸጥ ጀመር፤ የሰው ልጅ ሱስ የሻይ ዋጋ ሆነ። የቻይና መንግሥት ኦፒየሙን ሲያስወግድ በ1839 ጦርነት ተነሳ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ቻይና ተሸንፋ ሆንግ ኮንግን አስረከበች። በዚያው 1839፣ በጥር 10፣ አሳም ውስጥ የበቀለ የመጀመሪያው የህንድ ሻይ ለንደን ላይ ለጨረታ ቀረበ። በዚያው ወር፣ በ19ኛው ቀን፣ የኩባንያው መርከቦች የየመኗን ወደብ ኤደንን ያዙ። ኤደን ለመቶ ዓመት ያህል በህንድ በኩል ተዳደረች፤ ገንዘቧም የህንድ ሩፒ ነበር። በ1869 የስዊዝ ቦይ ሲከፈት ከህንድና ከስሪላንካ ሻይ የጫነ መርከብ ሁሉ በእኛ ባሕር በር ማለፍ ጀመረ። በዚያው ዓመት አንድ የጣልያን የመርከብ ኩባንያ አሰብን ገዛ።

ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ አጭር ነው። ከኤደን ወደ አሰብ፣ ወደ ጅቡቲ፣ ወደ ምጽዋ፤ በጣልያን ዘመን ከተሠራው የአሰብ መንገድ ደግሞ ወደ ደሴ፤ ከደሴ በወልድያ ወደ ጎብዬ። በየከተማው የሚሸጡት ከየመን የመጡ ባለሱቆች ነበሩ። የአዲስ አበባ ሰው አሁንም «አረብ ቤት» ሲል ስኳርና ሻይ ቅጠል፣ ክብሪትና ሳሙና በአንድ ጠባብ ክፍል የተደረደረበትን ያንን ሱቅ ማለቱ ነው። የዕቃዎቹ ስም ራሱ የመጣበትን መንገድ ይናገራል። ሻይ ከቻይናው «ቻ» በፋርስና በዓረብ ምላስ አልፎ ደረሰን። ስኳር በዓረብኛ በኩል ከሳንስክሪት ነው። ቅርንፉድና ቀረፋ ዓረብኛ ናቸው። ኮረሪማ ብቻ ከራሳችን ጫካ።

ስኳሩ የራሱ ወሬ አለው። ወንጂን የተከለው ኤች ቪ ኤ የሚባለው የሆላንድ ኩባንያ ሀብቱን ያካበተው ጃቫ ላይ በቅኝ ግዛት ዘመን ሸንኮራ አስተክሎ ነው። ኢንዶኔዥያ ነፃ ስትወጣ ሌላ አገር ፈለገ፤ በ1951 ከኢትዮጵያ ጋር ተዋውሎ በ1954 ወንጂ ላይ ስኳር አወጣ። የጎብዬ ልጅ «የወንጂ ስኳር» ብሎ ሲያድግ ከእጁ ያለው የእስያ ቅኝ ግዛት ንግድ ሲዘጋ የተነቀለ ችግኝ ነበር። ሻዩም በኢሉባቦር ጉመሮ፣ በከፋ ውሽውሽ ተተክሎ አገርኛ ሆነ።

ሻይን በቅመም ማፍላት ህንድም ውስጥ ቢሆን ከእንግሊዝ አልመጣም። የሻይ ተካይ ማኅበሩ በየጣቢያው ሻይ ጠጡ እያለ ሲሰብክ የመንገድ ሻጮች ቅጠሉን ቀንሰው ቅመሙን አበዙበት፤ ማኅበሩ ተበሳጨ፣ ሕዝቡ ግን ወደደው። የእኛም ሻጮች ያደረጉት ይህንኑ ነው። ወተቱን ትተው ቅመሙን ያዙ።

እኔን በጣም የሚገርመኝ አንድ አነጋገር ነው። ቡና የበቀለበት አገር ሰዎች ነን። ወሎ ላይ ያለ ቡና ዱዓም ማስታረቅም አይታሰብም፤ አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው እስኪደርስ ቀኑ ይመሻል። ሰው ስንጋብዝ ግን የምንለው «ሻይ ቡና እንበል» ነው። ሻይን አስቀድመን። ቡና ቤትን፣ ጎረቤትን፣ ሰፊ ጊዜን ይፈልጋል፤ ሻይ መንገደኛን፣ ሹፌርን፣ ችኩልን ያስተናግዳል። መንገዱ በጎብዬ መሐል ካለፈ ወዲህ ችኩሉ በዛና ሻይ ቀድሞ ተጠራ።

በመንገዱ የሚወጣውም ነበር። የቆላው ፍየል ቆዳና የደቡቡ ቡና ኤደን ላይ ይከማች ነበር፤ ከትልልቆቹ ነጋዴዎች አንዱ አንቶኒን ቤስ የሚባል ፈረንሳዊ ነው፤ በኢትዮጵያም ቅርንጫፍ ነበረው። ከንግዱ ካፈራው ሀብት 1.5 ሚሊዮን ፓውንድ ለኦክስፎርድ ሰጥቶ በ1950 ሴንት አንቶኒ ኮሌጅ ተመሠረተበት። ዛሬ ያ ኮሌጅ ስለ አፍሪካና ስለ እስያ ምርምር የሚካሄድበት ስመ ጥር ቦታ ነው፤ ከአፍሪካ ቀንድ ገበያ የወጣ ቆዳና ቡና በመሠረቱ ውስጥ አለ።

ኤደን የላከችውን ሁሉ በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ አልችልም። በ1943 ራያና የደቡብ ትግራይ ገበሬ ቀዳማይ ወያነ በተባለው ዓመፅ ሲነሳ፣ በጥቅምት ወር ከኤደን የተነሱ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች መቀሌን ደበደቡ። የገበያ ሰው ሞተ። ለእህልና ለጨው የወጣ ሰው፣ ጥቂት ሻይና ስኳር ሊገዛም የወጣ። ሻዩንና ፈትሉን ያመጣችው ወደብ ቦምቡንም አምጥታለች፤ ሁለቱን ለያይቼ ብጽፍ ታሪኩን ያጎደልኩ ይመስለኛል።

ባለፈው ጎብዬ ስሄድ አክስቴ ጋቢ እያሠራች አገኘኋት። ሸማኔው ድሩን ከፋብሪካ ፈትል ነው የሚጥለው፤ ያ ልማድ የቦምቤይ ፈትል በገበያችን ከታየ ጀምሮ የቆየ ነው፤ የፋብሪካ ክር ጠንካራ ነው፣ አይበጠስም። ማጉ ግን በእጅ የተፈተለ ካልሆነ ጋቢው አይሞቅም፣ አይለሰልስም። ጋንዲ በ1920ዎቹ ለሕዝቡ «ፍተሉ» ብሎ መንኮራኩር ይዞ ሲቀመጥ ህንዶች የረሱትን እጅ መልሰው እንዲያስለምዱ ነበር። አክስቴ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ እንዝርቷን ታሾራለች። ቀና ሳትል «ሻዩ እንዳይቀዘቅዝብህ» አለችኝ፤ ጥጡን በጣቷ እያሳሳች ቀጠለች።